ናኖ ብረት፦ ብልቃጥ ውስጥ የሠራው መሬት ውስጥ ለምን ይለግማል?

«ናኖ» የሚለው ቃል ከግድግዳ ቀለም እስከ ፊት ቅባት ድረስ ተለጥፎ ስለሚሸጥ ሳይንሳዊ ትርጉሙ ከገበያ ስሙ ጋር ተደባልቋል። ወደ አካባቢ ብክለት ሲመጣ ደግሞ ግርታው ሌላ መልክ ይይዛል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ሆነ በውጭ አገር የሚታተሙ በርካታ የምርምር ጽሑፎች፣ ከብረት የተሠሩ ናኖ ቅንጣቶች አንድን በካይ ንጥረ ነገር ከውሃ ውስጥ «ከ90 በመቶ በላይ አስወገዱ» ይላሉ። ዜናው ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲወርድ «መርዝ የሚበላ ዱቄት» ይሆናል። ወዲያው ጥያቄው ይከተላል፦ ታዲያ የአቃቂን ወንዝ ለምን አናጸዳበትም? የሞጆንስ?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በመቶኛ የተጻፈው ቁጥርም አብዛኛውን ጊዜ ውሸት አይደለም። ነገር ግን የተለካው ብልቃጥ ውስጥ ነው። ብረቱን ብርቱ የሚያደርገው ትንሽነቱ ነው፤ ከብልቃጥ ወጥቶ መሬት ሲገባ የሚያደክመውም ያው ትንሽነቱ ነው። ይህን ሳይረዱ ስለ ናኖ ብረት ማውራት ወይ ማጋነን ወይ ማጣጣል ይሆናል።

አንድ ግራም ብረት፣ አንድ ክፍል ወለል

ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ብክለት ለማጽዳት የሚዘጋጁት የብረት ቅንጣቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ናኖሜትር ስፋት አላቸው። የሰው ጠጉር ውፍረት ከእንዲህ ዓይነቱ ቅንጣት ሺህ ጊዜና ከዚያ በላይ ይበልጣል።

ትንሽነቱ ምን እንደሚጠቅም ለማየት አንድ ግራም ብረት እንውሰድ። እንደ ጠጠር ድፍን ሆኖ በስድስት ጎን ቢቀረጽ እያንዳንዱ ጎኑ ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ከውጭ የሚነካው ገጽ ተደምሮ 1.5 ካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ የትንሽ ጣት ጥፍር ታህል። ያንኑ አንድ ግራም 50 ናኖሜትር ወደሚሆኑ ድቡልቡል ቅንጣቶች ብንፈጨው ጠቅላላ ገጹ 15 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ይህ የአንድ መኝታ ክፍል ወለል ነው። ብረቱ አልጨመረም፤ ከውሃው ጋር የሚገናኝበት ፊት ግን መቶ ሺህ እጥፍ ሆነ። ኬሚካላዊ ሥራ የሚሠራው ደግሞ በዚህ ፊት ላይ ብቻ ነው።

ሥራው ምንድን ነው? በምርምር ጽሑፎች «ዜሮ-ቫሌንት ብረት» የሚባለው ገና ያልዛገ፣ ኤሌክትሮኖቹን ለሌላ ያልሰጠ ብረት ነው። ብረት ኤሌክትሮን ለመስጠት ይቸኩላል፤ ዝገት የምንለው የዚህ ችኮላ ውጤት ነው። ዘወትር ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን በሌለበት፣ በተበከለ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ግን ተቀባዩ መርዙ ራሱ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ትራይክሎሮኢትሊን የሚባለው ፈሳሽ ሦስት የክሎሪን አቶሞች አሉት። ብረት ኤሌክትሮን ሲሰጠው ክሎሪኖቹ ተነቅለው በጨው ውስጥ እንደሚገኘው ያለ ክሎራይድ ይሆናሉ፤ የሚቀረውም ኢትሊን ወይም ኢቴን የሚባል፣ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ብዙም የማያሰጋ ጋዝ ነው። ክሮሚየም ላይ ሲሆን አካሄዱ ይለያል። በውሃ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟውና ካንሰር አምጪው ስድስት ቫሌንት (ስድስት ኤሌክትሮን የሰጠ) ክሮሚየም፣ ኤሌክትሮን ሲቀበል ወደ ሦስት ቫሌንት ይለወጥና ዘቅጦ ይቀራል። እዚህ ላይ መርዙ አልጠፋም፤ እንዳይንቀሳቀስ ታሰረ እንጂ።

በአጭሩ ናኖ ብረት ማጣሪያም መጥረጊያም አይደለም። ዝገትን ለሥራ መቅጠር ነው ማለት ይቻላል።

ከቦርደን እስከ ሮኬት ማስወንጨፊያ

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳቡ በናኖ አልጀመረም። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ፣ ክሎሪን ያለባቸው ፈሳሾች የብረት ቱቦ ሲነኩ መጠናቸው እየቀነሰ መሄዱን አስተዋሉ። ሮበርት ጊልሃምና ስቴፋኒ ኦሃነሲን በ1991 ኦንታሪዮ ውስጥ ቦርደን በሚባለው የጦር ሰፈር፣ የብረት ፍርፋሪና አሸዋ ቀላቅለው ከመሬት በታች ግድግዳ አቆሙ። የተበከለው ውሃ በራሱ ፍሰት በግድግዳው ውስጥ እያለፈ ከትራይክሎሮኢትሊኑ 90 በመቶው ተወገደ። ግድግዳው ለዓመታት ሲሠራ ቆየ። ፓምፕ የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ።

የግድግዳው ችግር ጥልቀት ነው። በካዩ 30 ሜትር ወርዶ ከሆነ፣ ወይም በላዩ ፋብሪካ ተሠርቶበት ከሆነ መቆፈር አይቻልም። በ1997 በአሜሪካ የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዌይ-ሺያን ዣንግና ቹዋን-ባኦ ዋንግ ያቀረቡት መልስ ይህን የሚመለከት ነበር፦ ብረቱን በጣም ካሳነስነው ከውሃ ጋር ቀላቅለን በጠባብ ጉድጓድ በኩል በግፊት ልንልከው እንችላለን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በትሬንተን፣ ኒው ጀርዚ፣ ከአንድ ፋብሪካ ግቢ በታች 1.7 ኪሎ ግራም ብቻ ናኖ ብረት ተልኮ፣ በአራት ሳምንት ክትትል ውስጥ ትራይክሎሮኢትሊን እስከ 96 በመቶ ድረስ መቀነሱ በ2001 ታተመ። ሁለት ኪሎ የማይሞላ ብረት ይህን ማድረጉ ነው ያን ጊዜ ብዙዎችን ያስደነቀው።

ትራይክሎሮኢትሊን ለምን በተደጋጋሚ ይነሣል ቢባል፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከብረት ላይ ግራሶ ለማስለቀቅ ዋናው ፈሳሽ ስለነበረ ነው። ከውሃ ይከብዳል፤ ስለዚህ መሬት ላይ ከፈሰሰ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰምጥና እዚያ ተኝቶ ለአሥርት ዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ይሟሟል። በካምፕ ለጁን የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ሰፈር ከ1953 እስከ 1987 ድረስ ቤተሰቦች ይህና ሌሎች ፈሳሾች የተቀላቀሉበትን ውሃ ሲጠጡ ኖረዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው ጣሪያ በአንድ ሊትር 5 ማይክሮግራም ሲሆን፣ በ2024 መጨረሻ ደግሞ የፈሳሹን አጠቃቀም በጠቅላላ የሚያግድ ደንብ አውጥቷል። ማገዱ አዲስ ብክለት ያስቆም ይሆናል፤ ቀድሞ የሰመጠውን አያወጣም።

ከሰመጠባቸው ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ ኬፕ ካናቨራል የሚገኘው የሮኬት ማስወንጨፊያ ጣቢያ 34 ነው። በ1967 የአፖሎ 1 ጠፈርተኞች በእሳት የሞቱት እዚሁ ነበር። የሮኬት ክፍሎች ይታጠቡበት የነበረው ትራይክሎሮኢትሊን ከጣቢያው በታች ተጠራቅሞ ስለነበር፣ የናሳ ተመራማሪዎች ብረቱን በዘይትና በውሃ ጠብታ ውስጥ ሸፍነው በ2002 ሞከሩት። ዘይቱ የሚጠቅመው ትራይክሎሮኢትሊን ከውሃ ይልቅ ዘይት ውስጥ መግባት ስለሚወድ ነው፤ መርዙ በራሱ እግር ወደ ብረቱ ይመጣል። ናሙና ከተወሰደባቸው ስድስት ቦታዎች በአራቱ በ90 ቀን ውስጥ አፈሩ ላይ የነበረው ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። በቀሩት ሁለቱ ውጤቱ ዝቅ ያለ ነበር፤ ምክንያቱም ቅልቅሉ ከታለመለት ጥልቀት ሸሽቶ ወደ ላይ ወጥቷል።

ይህች የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር በዜና ላይ አትታይም። የዘርፉ ዋና ችግር ግን ያለው እሷ ውስጥ ነው።

መሬት ውስጥ ምን ያጋጥመዋል?

ናኖ ብረት ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ቢጫ የብረት ጨው ሙሙት ላይ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ የሚባል ኬሚካል ጠብ ጠብ ሲደረግ ፈሳሹ ወዲያው ይጠቁራል፤ የሃይድሮጅን አረፋ ይንተከተካል። ከብልቃጡ ሥር ማግኔት ቢያስጠጉ ጥቁሩ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተጎትቶ ውሃው ይጠራል። ጥቁሩን አድርቆ አየር ላይ የበተነ ሰው ግን ሊቃጠል ይችላል፤ ደረቅ ናኖ ብረት አየር ሲነካው በራሱ ይያያዛልና። ለዚህም ነው ወደ ቦታው ሲወሰድ በውሃ ተለውሶ፣ እንደ ቀለም ጠቁሮ የሚጓዘው።

ማግኔቱ ላይ የታየው መሳሳብ መሬት ውስጥ ጠላት ይሆናል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተሳስበው በደቂቃዎች ውስጥ ይጓጉላሉ፤ ከተጓጎሉ ናኖነታቸው ቀረ ማለት ነው። ያልተጓጎሉትም አሸዋና ሸክላ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ። ሳይሸፈን የተላከ ብረት ብዙውን ጊዜ ከመርጫው ጉድጓድ በጥቂት ሴንቲሜትርና በጥቂት ሜትር ርቀት መካከል ይቆማል። የተበከለው ውሃ ደግሞ በመቶዎች ሜትር ተዘርግቶ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች ለዚህ ቅንጣቱን ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ በሚባል፣ ለምግብ ማወፈሪያም በሚውል ነገር መሸፈን ጀመሩ። መንገዱ ይረዝማል፤ ግን ሽፋኑ ብረቱን ከመርዙም በከፊል ይጋርደዋል።

ሁለተኛው ችግር ችኮላው ነው። አንድ ግራም ትራይክሎሮኢትሊንን ሙሉ በሙሉ ለመለወጥ በሒሳብ 1.7 ግራም ገደማ ብረት ይበቃል። መሬት ውስጥ ግን ብረቱ መርዙን መርጦ አይጠብቅም። ኦክስጅን ካገኘ ለኦክስጅን፣ ናይትሬት ካገኘ ለናይትሬት፣ ምንም ባያገኝ ለውሃው ለራሱ ኤሌክትሮኑን ይሰጣል። ገጹ በሰፋ ቁጥር የሚባክነውም በዚያው ልክ ይፈጥናል። የቦርደኑ ፍርፋሪ ለዓመታት ሲሠራ ናኖው በሳምንታት ወይም በወራት ዝገት ለብሶ ያልቃል። እና ከሰመጠው ፈሳሽ ላይ የተረፈ ካለ፣ ብረቱ ካለቀ በኋላ እንደገና መሟሟት ይጀምራል፤ በ30ኛው ቀን የተለካው 95 በመቶ በዓመቱ ሲለካ ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል። በመስኩ ያሉ ባለሙያዎች ይህን «ማገርሸት» ይሉታል፤ ለበሽታ እንደምንለው።

ከ2010 ወዲህ ያለው ምርምር አብዛኛው ይህን ችኮላ ለመግታት የሚደረግ ነው። ከሚጠቀሱት አንዱ ቅንጣቱን በሰልፈር ማከም ሲሆን፣ የሰልፈሩ ልባስ ውሃ ኤሌክትሮኑን እንዳይነጥቅ ያዘገይና ለክሎሪናማው መርዝ ያስቀርለታል። በጀርመን ደግሞ ብረቱን በካርቦን ቅንጣት ላይ የማሳረፍ መንገድ ተሠርቷል። ገበያው ግን ሌላም መልስ ሰጥቷል፦ ብዙ ኩባንያዎች ወደ ማይክሮሜትር መጠን፣ ማለትም ብዙ እጥፍ ወደሚተልቀው፣ ወደሚረክሰውና ወደሚዘልቀው ብረት ተመልሰዋል። በባንግላዴሽ የኬሚስትሪ ሊቁ አቡል ሁሳም በ2007 አንድ ሚሊዮን ዶላር የተሸለመበት የአርሴኒክ ማጣሪያ የሠራውም ባልዲ ውስጥ በተቀመጠ የብረት ስብስብና አሸዋ እንጂ በውድ ናኖ አይደለም።

የሻይ ቅጠሉ ነገር

ቦሮሃይድራይድ ውድም አደገኛም ስለሆነ «አረንጓዴ አሠራር» የሚባለው ተፈላጊ ሆኗል፤ የብረት ጨውን ከቅጠል ጭማቂ ጋር ቀላቅሎ ናኖ ቅንጣት ማውጣት። በ2009 አሜሪካ ውስጥ በሻይ ቅጠል የተደረገው ሙከራ ከታተመ በኋላ በየአገሩ በየቅጠሉ ተደግሟል፤ ኢትዮጵያ ውስጥም የመመረቂያ ጽሑፍ ተመራጭ ርዕስ ነው። ርካሽ ነው፣ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው።

ይሁንና በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ከሻዩ የወጣው ጥቁር ነገር ዜሮ-ቫሌንት ብረት ሳይሆን በአብዛኛው ብረትና ፖሊፌኖል የሚባለው የሻይ ቅጠሉ ንጥረ ነገር የተቆላለፉበት ውሁድ መሆኑን አሳይተዋል። ሻይ ብረትን ይይዛል፤ የደም ማነስ ላለበት ሰው ከምግብ ጋር ሻይ እንዳይጠጣ የሚመከረውም በዚሁ ባሕርይ ነው። ውሁዱ ቀለምን ወይም ብረታ ብረትን ሊለጥፍ ይችላል፤ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ክሎሪን መንቀል ግን ሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ «ከእገሌ ቅጠል ናኖ ብረት ሠራን» ሲባል፣ የትኛው ብረት መሆኑ በኤክስ ሬይ ትንተና ካልታየ ስሙና ዕቃው ላይገናኙ ይችላሉ።

ሌላው ከላቦራቶሪ ዜና ጋር የሚመጣ ግርታ ቀለም ነው። ብዙ ሙከራዎች የሚደረጉት በጨርቅ ማቅለሚያ ላይ ነው፤ ሰማያዊው ውሃ ነጭ ሲሆን ለዓይን ያሳምናል። አዞ በሚባሉት ማቅለሚያዎች ላይ ግን የቀለሙ መጥፋት ማለት ሞለኪውሉ ከመካከሉ ተቆረጠ ማለት ነው። ግማሾቹ አሮማቲክ አሚን የሚባሉ ሆነው ውሃው ውስጥ ይቀራሉ፤ ከእነሱም ከቀለሙ የከፉ አሉ።

ስለ ደኅንነቱ የሚደረገው ክርክር

የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲና የምህንድስና አካዳሚው በ2004 ባወጡት ሪፖርት፣ ጉዳታቸው በቂ ምርምር እስኪደረግበት ድረስ ያልታሰሩ ናኖ ቅንጣቶች ለብክለት ማጽጃ ተብለው ወደ አካባቢ እንዳይለቀቁ መክረዋል። የእነዚህ ተቋማት ፍርሃት መሠረት ነበረው፤ ኦክስጅን በሌለበት ናኖ ብረት ባክቴሪያ እንደሚገድል በላቦራቶሪ ታይቷል። መሬት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ ራሳቸው ብክለት አጽጂ ናቸው።

በሌላ ወገን በ2009 የታተመ ግምገማ፣ ዘዴው በአሜሪካ የብክለት ማጽዳት ወጪን በ30 ዓመት ውስጥ ከ87 እስከ 98 ቢሊዮን ዶላር ሊቀንስ እንደሚችል ገመተ። ግምቱ ውሃውን እየሳቡ አውጥቶ ማጣራትን ከመሰለ፣ አሥርት ዓመታት ከሚፈጅ ሥራ ጋር በማነጻጸር የተሠላ ስለሆነ ተስፋ አብዝቷል ቢባል ስሕተት አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2013 እስከ 2017 ናኖሬም በተባለ ፕሮጀክት ጉዳዩን በመስክ ፈትሿል።

ዛሬ ላይ ሚዛኑ ወዴት ያደላል? ቅንጣቱ ሩቅ አለመሄዱና ቶሎ መዛጉ ለጽዳት ሠራተኛው ራስ ምታት ቢሆንም ለጎረቤት የመጠጥ ጉድጓድ ግን ዋስትና ነው። የመጨረሻ ውጤቱ አፈር ውስጥ በተፈጥሮ የሞላው የብረት ኦክሳይድ ነው። ሽፋን እየተሻሻለና ቅንጣቱ ሩቅ መጓዝ በቻለ ቁጥር ግን የ2004ቱ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ከባዱ አደጋ እስካሁን ያለው ብረቱን በሚያዘጋጁትና በሚረጩት ሠራተኞች ላይ ነው፤ ዱቄቱ ይቃጠላል፣ ይተነፈሳል።

ሞጆ፣ ስምጥ ሸለቆ፣ የፀረ ተባይ መጋዘን

ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። የአቃቂ ዓይነት ወራጅ ወንዝ የናኖ ብረት ቦታ አይደለም። ኦክስጅን የሞላበት ውሃ ነው፤ ብረቱ በካዩን ሳያገኝ ይዝጋል፤ የተረፈውን ጎርፉ ይወስደዋል። ወንዝ የሚጸዳው ከምንጩ፣ ከፋብሪካውና ከመጸዳጃው ቱቦ አፍ ላይ ነው።

ሞጆ ላይ ያለው ስሕተት ረቀቅ ይላል። ብዙ ጊዜ የሚባለው «የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም ይለቃል፣ ናኖ ብረት ክሮሚየም ያስወግዳል» ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሲጋጠሙ ግን አይገጥሙም። ቆዳ የሚለፋው በሦስት ቫሌንት ክሮሚየም ነው። ናኖ ብረት ደግሞ ስድስቱን ወደ ሦስት የሚያወርድ ነው። ወጪው ፍሳሽ ቀድሞውኑ ሦስት ላይ ካለ ብረቱ የሚሠራው ዋና ሥራ የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ፍሳሽ የቆየና የታወቀ መንገድ አለ፦ ክሮሙን ከሌላው ፍሳሽ ለይቶ ጋን ውስጥ ማጠራቀም፣ በማግኒዚየም ኦክሳይድ ወይም በኖራ ማዝቀጥ፣ ከዚያም በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ መልሶ ለቆዳ ማልፊያ መጠቀም። የሚያሰጋው ዝቃጩ ሲቃጠል ወይም ማንጋኒዝ ባለው አፈር ላይ ለዓመታት ተጥሎ ሲቀር ነው፤ ያን ጊዜ ሦስቱ ተመልሶ ስድስት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስለ ሞጆ ናኖ ብረት ከመነጋገር በፊት መለካት ያለበት ጠቅላላ ክሮሚየም ሳይሆን የትኛው ክሮሚየም እንደሆነ ነው።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጥርስ የሚያበልዘውና አጥንት የሚጎዳው ፍሎራይድ ደግሞ ኤሌክትሮን ተሰጥቶት የሚለወጥ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ እሱን ለማውረድ በአገራችን የተሞከሩት የአጥንት ከሰልና በአሉሚኒየም ጨው የማዝቀጥ ዘዴ ናቸው። የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት ጥቂት ፍሎራይድ ሊለጥፍ ቢችልም ይህ ከዜሮ-ቫሌንት ብረት ሥራ ጋር መምታታት የለበትም።

ናኖ ብረት ከኢትዮጵያ ችግሮች በባሕርይው የሚቀርበው፣ ብዙም የማይወራለት አንድ ቦታ ነው፦ የድሮ ፀረ ተባይ መጋዘኖች ሥር ያለ አፈር። ከአሥርት ዓመታት በፊት የተከማቸው፣ ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ ከ2000 አንሥቶ በተደረገ ዘመቻ ከሺህ ቶን በላይ የሚሆነው ወደ ፊንላንድ ተጭኖ ተቃጥሏል። በርሜሉ ሄደ፤ ከበርሜሉ የፈሰሰው በየመጋዘኑ ወለል ሥር ቀርቷል። ከእነዚህ ፀረ ተባዮች መካከል ዲዲቲና ሊንዴን ክሎሪናማ ናቸው፣ ቦታቸው የታወቀና ጠባብ ነው፣ ከሞጆ ወይም ከአቃቂ በተለየ ወራጅ ውሃ አይወስዳቸውም። አፈሩን ቆፍሮ ከብረት ብናኝ ጋር ማላወስም ይቻላል፤ ያኔ ቅንጣቱ ሩቅ መጓዝ አይጠበቅበትም፣ ናኖ መሆኑም ግዴታ አይሆንም።

እዚህም ቢሆን የመቶኛው ወጥመድ አለ። ብረት ከዲዲቲ ላይ በመጀመሪያ የሚነቅለው አንድ ክሎሪን ሲሆን የሚቀረው ዲዲዲ ይባላል፤ እሱም መርዛማና አፈር ውስጥ ዓመታት የሚቆይ ነው። ዲዲቲን ብቻ የለካ ሙከራ «95 በመቶ ጠፋ» ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። ዲዲዲን አብሮ የለካ ከዚያው ብልቃጥ፣ ከዚያው ቀን ናሙና ሌላ ቁጥር ያወጣል።